የደነደነው መስክ

እርጥብ ድርቆሽ ተከምሮ ሲሞቅ የጠላ ጥንስስ ይሸታል። ባለፈው ክረምት ከጅግጅጋ መውጫ ላይ ሚኒባሳችን ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም፣ ድርቆሽ ከአናቱ በላይ የጫነ አይሱዙ አጠገባችን ቆሞ ነበርና ያ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ አፍንጫዋን በሻርፕዋ ሸፈነች። እኔ ግን አንገቴን አወጣሁ። አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት እንዳለ መጣብኝ፤ አባቴ፣ ትራክተሩ፣ ኤዶ ሩቂያ፣ ያ መስክ።

አባቴ በላቸው ይባላል። የአሰላ ልጅ ነው። ጅግጅጋ የመጣው ለአንድ ሰው እርሻ ትራክተር ሊነዳ ነበር፤ እርሻው ሲዘጋ ያረጀውን ቀይ ትራክተር ገዝቶ እዚያው ቀረ። ትራክተሩ የሚያድረው በራችን ላይ ነው። ጠዋት ሲያስነሳው የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ይበረግጋል፤ እናቴም «ከእኔ ቀድመህ እሱን ነው ደህና አደርክ የምትለው» ትለዋለች።

ኤዶ ሩቂያ አከራያችን ነበረች። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ይጠራታል። እናቴ መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» ስትላት፣ «አንቺ በይኝ። እርስዎ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል» ብላ አስቃታለች። እኔን ደግሞ «ሆዮ» ትለኛለች። እናት ማለት ነው፤ የሶማሌ እናቶች ልጆቻቸውንም በዚሁ ስም ያቆላምጣሉ።

ኤዶ ወተት ነጋዴ ናት። ከሌሎች ወተት ሻጭ ሴቶች ጋር ሆነው ከከተማው ወጣ ብሎ በእሾህ የታጠረ የሣር መስክ ነበራቸው። ክረምት ላይ ሣሩ ያድጋል፣ መስከረም ላይ ያጭዱታል፣ ያደርቁታል፤ በጋውን ሙሉ ላሞቻቸው ያንን ይበላሉ። ድርቆሹን ከመስኩ እስከ ግቢዋ የሚያመላልስላቸው አባቴ ነው።

ያ መስከረም ሣሩ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ እንደ ትናንሽ ጎጆ እዚህም እዚያም ተከምሮ ሳለ፣ ወጣ ያልነው ዝናብ ተመልሶ መጣ። ቀንና ሌሊት ወረደ። ሲያባራ ከአባቴ ጋር ሄድን። እጄን ክምሩ ውስጥ ስከት ገና ከምድጃ የወጣ ዳቦ ውስጥ የከተትኩ መሰለኝ።

አባቴ መስኩን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው። ውሃ ቅጭጭ አለ።

«ኤዶ፣ መሬቱ ጭቃ ነው። ትንሽ ይድረቅ።»

«ድርቆሹስ? ይበሰብሳላ! ላሞቹ በበጋ ምን ይብሉ፣ ያንተን ጎማ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አባቴ ሴቶች ሲስቁበት አይወድም። ኤዶ ይህን ታውቃለች።

«ካልቻልክ ችግር የለም» አለችው ለስለስ ብላ። «ሌላ ሰው እንጠራለን።»

አለቀ። ተጎታቹን ከትራክተሩ ኋላ አስሮ ገባ። እኔ ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ ተቀምጬ ጭቃው ወደ ሰማይ ሲረጭ አያለሁ። ጎማው እየሰመጠ፣ እየተንሸራተተ፣ ሞተሩ እያጓራ ጭኖ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያው መንገድ ጥልቅ ቦይ ሆኗል፤ ስለዚህ ጎኑን ያልተረገጠውን ይዞ ገባ። በሦስተኛው ደግሞ ሌላ ጎን። እስኪመሽ እንዲህ አዳረሰው። በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ጀግንነት ነበር። የመጨረሻው ጭነት ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ኤዶም ወተት በትልቅ ጣሳ አቀረበችለትና ጢሙ ነጭ እስኪሆን ጠጣ። ድርቆሹ ግቢዋ ውስጥ ተዘርግቶ እንደገና ደረቀ፣ ተከመረ፣ ሸራ ለበሰ።

ብዙ ሳይቆይ አንበጣው መጣ።

ከምሥራቅ በኩል ቀይ አቧራ የመሰለ ነገር ሰማዩን ሸፍኖ ሲጠጋ ዝናብ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ግን ዘይት ላይ የተጣለ ሽንኩርት ነው፤ ትሽሽሽ ይላል። ሰው ሁሉ ጀሪካንና ድስት እየደበደበ ወጣ። እኔም የእናቴን ትልቅ ድስት ጎድጓዳ ሳህን እስኪሆን ቀጠቀጥኩት። ሲያልፍ በሜዳው ላይ ለላም የሚሆን ቅጠል አልተረፈም። በሸራ ሥር ያለው ድርቆሽ ግን ተረፈ። በዚያ በጋ የሰው ከብት ሲከሳ የኤዶና የጓደኞቿ ላሞች ይታለቡ ነበር። አባቴ በሰፈር ሲያልፍ ሴቶቹ «በላቸው ባይኖር ኖሮ» ይላሉ፤ እሱም ያልሰማ ይመስል ደረቱን ነፋ አድርጎ ያልፋል።

የካቲት ላይ እናቴ ወንድሜን ልትወልድ አሰላ፣ እናቷ ዘንድ ሄደች። መጋቢት ላይ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ መጣ ተባለና ትምህርት ቤት ተዘጋ። መንገዱም ተዘጋጋ፤ እናቴ እዚያው ቀረች። እኔ በአባቴ እጅ ወደቅሁ። ቁርስ ሻይና ዳቦ፣ ምሳ ዳቦና ሻይ፤ ቀኑን ሙሉ ትራክተሩ ላይ።

ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ሲጥል ሜዳው በአንድ ሳምንት አረንጓዴ ሆነ። የጎረቤቱ መስክ፣ የመንገዱ ዳር፣ መቃብሩ ሳይቀር። የሴቶቹ መስክ ግን ግማሹ ብቻ ነው የበቀለው። አባቴ የተመላለሰበት ግማሽ በሙሉ ውሃ ተኝቶበት ሰንብቷል፤ ውሃው በፀሐይ ሲደርቅ ደግሞ ቢጫ፣ ቀጫጭን፣ በጣት ሲስቡት ተነቅሎ የሚመጣ ሣር እዚህም እዚያም ቀረ። ከሩቅ ሲታይ የፎረፎር ራስ ይመስላል።

ጠዋት ላይ ሴቶቹ ተሰብስበው አባቴን አስጠሩት። አባቴ የብረት ዘንግ ይዞ በደህናው በኩል ሲወጋው እስከ ክንዱ ገባ። በተረገጠው በኩል ሲወጋው ጠንግ ብሎ ተመለሰ። ክብደቱን ጣለበት፤ እንቢ አለ።

«ደንድኗል» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን አደነደነው?» አለች ኤዶ።

«ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ።»

«መሪው በማን እጅ ነበር?»

«ጭቃ ነው አላልኩም? ሌላ ሰው እጠራለሁ አላልሽም?»

«ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ በላቸው! እኔ ገደል ግባ ብልህ ትገባለህ?»

አባቴ ዘንጉን መሬት ላይ ጣለና ወደ ትራክተሩ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ ቀረ። ኤዶ በሩ ላይ ካለች አባቴ ወደ ጓሮ ይዞራል። የወተታችንን ጣሳ ደጃፋችን ላይ ታስቀምጥና ሳታንኳኳ ትሄዳለች። የበጋውን ምስጋና ያወሳ አንድም ሰው አልነበረም። ያ ድርቆሽ ላሞቹን ማትረፉም እውነት ነው፤ መስኩን መግደሉም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚናገር ሰው ግን አላገኘሁም።

እኔን ግን ያስጨነቀኝ ጠቡ ብቻ አልነበረም። ደነደነ የምትለዋ ቃል ናት።

ደነደነ ሲባል የሰማሁት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት። ፈርዖን ልቡን አደነደነ፤ ከዚያ መቅሰፍቱ ተራ በተራ ወረደ። አሁን መሬቱ ደንድኗል። አንበጣው መጥቷል። በሽታው መጥቷል። ትምህርት ቤታችንም ተዘግቷል። የመጨረሻው መቅሰፍት ምን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ በኩር መሞት ነው። በቤታችን በኩሯ እኔ ነኝ። ወንድሜ ገና አልተወለደም፤ እሱን ምንም አይነካውም። ማታ ማታ አባቴ ሲያንኮራፋ ልቤን በእጄ ይዤ እንዳይቆም አዳምጠው ነበር።

ለአባቴ እንዳልነግረው ትራክተሩን እንኳ ማናገር ትቷል። እናቴ በስልክ «ደህና ናችሁ?» ስትል «ሁሉ ሰላም ነው» ይላታል። ስለዚህ አንድ ቀን ኤዶ ጓሮ የወተት ዕቃዋን በጭስ ስታጥን አገኘኋትና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ኤዶ፣ አባዬን ይቅር በይው።»

«አባትሽ ላከሽ?»

«አልላከኝም። መሬቱ ደነደነ፤ እንደ ፈርዖን። አንበጣው መጣ፣ በሽታው መጣ። የቀረው በኩር ነው። በኩር እኮ እኔ ነኝ።»

ዕቃውን መሬት አስቀመጠች።

«ፊርዐውን? የሙሳ ፊርዐውን?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ፈርዖን የእነሱም ታሪክ መሆኑን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀችም። ጭስ ጭስ በሚሸተው ጋርቤዋ፣ በትከሻ ልብሷ፣ ጠቅልላ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«ስሚ ሆዮ። ፊርዐውን ልቡ ነው የደነደነው። ልብ ያለው ሰው ነው። አፈር ቂም አይዝም። ተረገጠ፣ ጠነከረ፤ በቃ። ማንም አይሞትም።»

«ማን ረገጠው?»

እሳቱን በእንጨት ጫፍ ነካ ነካ አደረገች።

«አባትሽ ረገጠው» አለች በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ ና ርገጥልኝ ብዬ ጠራሁት።»

እጄን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችኝ። አባቴ ትራክተሩ ሥር ተጋድሟል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ኤዶ ጫማውን በጫማዋ መታችው።

«በላቸው፣ ውጣ። ልጅህ እሞታለሁ ብላ እንቅልፍ አጥታለች፤ አንተ ብሎን ታጠብቃለህ።»

ፊቱ ግሪስ እንደሆነ ወጣ። ኤዶ ሁሉንም ነገረችው። አባቴ አየኝ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ከዚያ መሬቱን።

«እኔ እኮ አላውቅም ነበር» አለ። ለማን እንዳለው ግልጽ አልነበረም።

«እኔም አላውቅም ነበር። ድርቆሹን ብቻ ነው ያየሁት። አሁን የሚያውቅ ሰው እንፈልግ።»

በማግስቱ ከግብርና ቢሮ አንድ ወጣት ባለሙያ አመጣች። ማስኩ አገጩ ላይ የተንጠለጠለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ልጅ ነው። በዶማ ሁለት ጉድጓድ ቆፈረ፤ አንዱን በደህናው፣ አንዱን በተረገጠው በኩል። በደህናው አፈሩ እንደ ፍርፋሪ ነው፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ ትልም አለበት። በተረገጠው አፈሩ እንደ ሸክላ ስባሪ በጥፍጥፍ ተነሣ። የሣሩ ሥር አንድ መዳፍ ያህል ወርዶ ሲያበቃ ግድግዳ እንደገጠመው ሰው ወደ ጎን ዞሯል። ሥሩ ምን ያህል መውጫ እንደፈለገ ሳይ አዘንኩለት።

«ውሃም አይወርድም፣ አየርም አይገባም፣ ሥሩም አያልፍም» አለ ባለሙያው። «ተጠቅጥቋል።»

«ገልብጬ ልረሰው?» አለ አባቴ።

«ከገለበጥከው ያለውንም ሣር ታጠፋዋለህ። ከሥር መሰንጠቅ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በረጅም የብረት ጥርስ፣ ራቅ ራቅ እያደረግህ። ከዚያ ፍግ፣ ዘር፣ ዕረፍት። ከብት አይግባበት።»

አባቴ ወዲያው ወደ ትራክተሩ ዞረ። «ነገ እጀምራለሁ።»

«አይሆንም!» አለ ልጁ። ከጉድጓዱ ሥር አፈር አንሥቶ በመዳፎቹ መሃል አሸው። አፈሩ ተድቦልቡሎ ትል የመሰለ ቀጭን ጥቅል ሆነ። «ይኸው፣ ከውስጥ ገና እርጥብ ነው። አሁን ብትገባ ብረቱ እንደ ቢላ ቆርጦት ያልፋል እንጂ አይሰነጥቀውም። ጎማህ ደግሞ መልሶ ይጠቀጥቀዋል። አልጠቀለል ብሎ ሲፈረፈር ነው የምትገባው።»

«መቼ ይፈረፈራል?»

«እሱን አፈሩን ጠይቅ። ግን ከክረምቱ ዝናብ በፊት ካልሆነ ዓመቱ አመለጠህ።»

አፈሩን የመጠየቅ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ትምህርት ቤት የለኝ፣ እጄም ትንሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኤዶ ጋር አህያዋን እየነዳን እንሄዳለን። እሷ ላሞቿ ወዳሉበት ስታልፍ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ አፈር አወጣለሁ፣ አሻለሁ፣ እጠቀልላለሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ የዝናብ ሽታ አለው። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ጫማ ማሰሪያ የሚረዝም ትል እሠራ ነበር። እየቆየ ትሉ አጠረ፣ ወገቡ ላይ መሰንጠቅ ጀመረ።

አባቴ ደግሞ በያጅ ቤት ጠማማ ረጅም የብረት ጥርስ አሠርቶ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ ይጠብቃል። ቤት ስደርስ «እህስ?» ይለኛል።

«ገና ነው።»

ሻይ ቤት ያሉት ሾፌሮች «በላቸው ከልጁ ፈቃድ እየጠበቀ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሰኔ እየገፋ፣ ደመናው ከሰዓት ከሰዓት መሰብሰብ ጀመረ። አባቴ ሰማዩን እያየ ጥርሱን ያፋጫል።

አንድ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ሳለሁ የትራክተሩን ድምፅ ሰማሁ። አባቴ የብረት ጥርሱን ትራክተሩ ላይ አስሮ መጥቷል። ከሐረር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነፋሱ የዝናብ ነው። አጥሩ ጋ ቆሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ጮኸ፤

«ሰናይት! ዛሬስ?»

አፈሩን አሸሁት። ተሰነጠቀ፤ ግን መሃሉ ተያይዟል። በጣቴ ሳነሣው ግማሽ ጥቅል ሆኖ ተንጠለጠለ። ደመናውን አየሁ። አባቴ ምን መስማት እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ሴቶቹም ከሩቅ ቆመው እያዩን ነው።

«ገና ነው አባዬ» አልኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው፤ ደገምኩት። «ገና ነው!»

አባቴ ወደ ኤዶ ዞረ። መስከረም ላይ ና ግባ ያለችው እሷ ናት። አሁንም አንድ ቃል ብትለው ይገባ ነበር። ኤዶ ጋርቤዋን በነፋሱ ላይ ሰብስባ ያዘች።

«እኔ ዛሬ አልጠራሁህም በላቸው» አለች።

ሞተሩ ጠፋ። አባቴ ወርዶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ግማሽ ጥቅሏን ከእጄ ወስዶ፣ አገላብጦ አያት። ሦስታችንም ተቀምጠን ደመናውን ጠበቅን። ጥቂት ነጠብጣብ ጣለብንና ወደ ፋፈን በኩል አልፎ ሄደ። ኤዶ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ ደረቅ ሆኖ ሰነበተ። አፈሩን ሳሸው እንደ ቆሎ ዱቄት በጣቶቼ መሃል የፈሰሰበት ጠዋት፣ ጫማዬን ጉድጓዱ ውስጥ ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ብረቱ መሬቱ ውስጥ ሲገባ አጥንት የሚሰበር ዓይነት ድምፅ አወጣ። ከኋላው መሬቱ ትንሽ ቀና፣ ትንሽ ተነፋ፣ ተሰነጣጠቀ፤ ሣሩ ግን ሳይገለበጥ በቦታው ቀረ። አባቴ እንዲያ ዝግ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። በአንድ መስመር ይገባል፣ በዚያው መስመር ይወጣል። ሴቶቹ ፍግ በማዳበሪያ ከረጢት እያመጡ በተኑ፤ ከደህናው ሣር ዘር አራግፈው ከፍጉ ጋር ደባለቁ። ለመኪናና ለትራክተር በመስኩ ዳር አንድ መንገድ ብቻ በድንጋይ ተለየ። የቀረው በእሾህ ታጠረ።

ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከቀትር በኋላ ጣለ። አባቴ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ሲወጣ ኤዶም ከክፍሏ ወጣች፤ ሳይነጋገሩ ወደ መስኩ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ። አጥሩ ጋ ቆመን ውሃውን አየነው። መጀመሪያ ተኛ። አባቴ ትንፋሹን እንደያዘ ነው። ከዚያ ስንጥቆቹ ጋ ውሃው መዞር ጀመረ፣ አረፋ ተፋ፣ ጉርጉር አለና ወደ ታች ጠፋ። እዚያም፣ እዚያም። ብረቱ ባልደረሰበት አንድ ጥግ ብቻ ውሃው እንደ መስታወት ቆሞ ቀረ።

«እየጠጣ ነው» አለች ኤዶ። «በላቸው፣ እየጠጣ ነው!» እጁን ጨበጠችው፣ ወዲያው ለቀቀችው፣ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ዝናቡ ፊታችን ላይ ይወርድ ነበርና ማን እንዳለቀሰ አላውቅም።

ሣሩ ግን እንደ ተረት በአንድ ሌሊት አልሞላም። ስስ ሆኖ ወጣ፤ ራሰ በራ የቀረም ቦታ ነበረ። ባለሙያው መጥቶ አየና በዚህ ዓመት እንዳይታጨድ፣ ዘሩን እንዲያራግፍ መከረ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ከግማሽ መስክ የሚገኝ ድርቆሽ ለሁሉም ላም አይበቃም። ኤዶ አንድ ጊደሯን እዘመዶቿ ዘንድ ኤረር ላከች፤ ሌሎቹም እየከበዳቸው እንዲሁ አደረጉ። መስኩን ግን ማንም አልነካውም።

እናቴ ነሐሴ መጨረሻ መንገዱ ሲከፈት መጣች። ወንድሜ ክብ ፊት ያለው፣ ሁሉ ነገር ላይ የሚያፈጥ ልጅ ነበር። ኤዶ ከእናቴ ክንድ ተቀበለችውና ጆሮው ላይ ማሻአላህ ብላ፣ ሻንጣው እንኳ ሳይፈታ፣ «ኑ እናሳየው» አለች። ሁላችንም ወደ መስኩ ሄድን። ሣሩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይደርስ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ይተኛና ይነሣል።

እናቴ አጥሩ ጋ ቆማ መጀመሪያ መስኩን፣ ከዚያ አባቴን፣ ከዚያ ኤዶን፣ በመጨረሻ ጥፍሬ ውስጥ ያለውን አፈር አየች።

«ኧረ ለመሆኑ ምን ሆናችሁ ነው የከረማችሁት?» አለች።

አባቴና ኤዶ ተያዩ።

«ምንም» አለ አባቴ። «ሣር ስንጠብቅ።»

«እና መጣ?»

አባቴ ራሰ በራውን ጥግ አየ፤ ከዚያ ሌላውን።

«እየመጣ ነው» አላት።